አልጣሽን ይቅር ያልኩበት መጸው

መስከረም 2 ቀን 1957፣ ፍኖተ ሰላም

ይህን ደብተር ከቡሬ ገበያ ያመጣሁት ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ፣ ከሳሙና ልባስና ከአውቶቡስ ግንባር ላይ ነው። ጽሕፈቴ የሳሙና ማስታወቂያ ቢመስል አይገርመኝም። በደብተሩ ጀርባ የማባዣ ሰንጠረዥ አለ፤ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ዐሥራ ሁለት ላይ ያበቃል። የንስሐ አባቴ መምሬ ገብረሰንበት ሰውን ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር ማለት አለብን ይላሉ። ሰንጠረዡ እዚያ አይደርስም። ደብተሩን የሠሩት ሰዎች ጎረቤት የላቸውም መሰለኝ።

ዘንድሮ የኅዳር ሚካኤል ጽዋ ተረኛ እኔ ነኝ። ባለቤቴ ታከለ ካረፈ ሦስት ዓመቱ፤ ከዚያ ወዲህ ማኅበርተኛው ሁሉ ቤቴ ሲገባ የመጀመሪያው ይሆናል። ትልቁ የማኅበሩ ጋን ዛሬ መጣ። ለኅዳር ሚካኤል ብቻ የሚጠመቅበት ነው። አራት ወንድ ተሸክሞ አገባው። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃችን፣ አያ ደረሰ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ፣

«ንግሥቴ፣ ይኸ ጋን በዕድሜ ይበልጠኛል። ከሁለታችን አንዳችንን መጣል ግድ ከሆነብሽ እኔን ጣይኝ» አሉ።

መስከረም 5

ጋኑን ብቻዬን ወደ ጓዳ አንከባለልኩት። ምሰሶው ነካው። ጢቅ አለ። ትንሽ ጢቅ ናት።

መስከረም 6

ጢቋ ስንጥቅ ሆናለች፤ ከአንገቱ ሥር እስከ ሆዱ ድረስ ትወርዳለች። ውሃ ሞልቼ አየሁት። ያልበዋል እንጂ አያፈስም።

ማታ። ያፈሳል።

መስከረም 7

ለቤተ ክርስቲያናችን ጧፍ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ሰምና ፈትል ከቤቴ አይጠፋም። የጧፍ ቁርጥራጭ ሰብስቤ አቀለጥኩና ስንጥቁን ሞላሁት። በላዩ ጥላሸት ቀባሁበት። እኔ ራሴ ፊቱ ቆሜ ብፈልገው አጣሁት። ለአያ ደረሰ እነግራቸዋለሁ። ገና ሁለት ወር አለ።

መስከረም 9

አልጣሽ መጣች። አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ናት፤ ድምጿን ግን አጥር አያግደውም። ወንድሟ ይሄይስ ለመስቀል ከነቤተሰቡ ከመራዊ ስለሚመጣ ጋኑን አውሺኝ አለች።

«የማኅበር ዕቃ ነው» አልኳት።

«አያ ደረሰን ጠይቄያቸዋለሁ። ንግሥቴ ከፈቀደች ውሰጂው ብለዋል።»

«ከባድ ነው።»

«አንቺ ተሸከሚልኝ አልኩሽ?»

«አርጅቷል፣ አልጣሽ።»

«እኛስ?»

ምን ልበል? ነገ እነግራታለሁ ስል ወሰደችው። እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ጠቅልላ ነው ያሸከመችው። እስከ አጥሩ ድረስ እየመረቀችኝ ሄደች። አሜን አላልኩም። ረስቼ ነው።

መስከረም 13

አልጣሽ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ በወይራ እያጠነችው ነው። ጭሱ እኔ ቤት ድረስ መጣ። ሰም በሙቀት እንደሚቀልጥ የሚነግረኝ ሰው አያሻኝም፤ እንጀራዬ ነው። ነገር ግን ጋን እንደሚታጠን እንዴት ረሳሁ? ሠላሳ ዓመት ጠላ የጠመቅሁ ሴት!

ወደ አጥሩ ሮጥኩ።

«አልጣሽ!»

«አቤት!» አለች ከጭሱ ውስጥ።

«ጭሱ… ደስ የሚል ሽታ አለው» አልኩና ተመለስኩ።

መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት

ጋኑ ፈሷል። ጠላው መንገድ ላይ ነው። ዶሮዎቹ። አህያዪቱ። ተመልሼ እጽፋለሁ።

ማታ። በቅደም ተከተሉ ልጻፈው። ጠዋት አልጣሽ ጮኸች። የአልጣሽ ጩኸት አዲስ ነገር ስላልሆነ ማንም አልተነሣም። ሁለተኛ ስትጮኽ ሄድን። ጋኑ ከአንገቱ እስከ ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል። ጠላው በአጥሩ ሥር ወጥቶ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ የአያ ደረሰ አህያ ከታሰረችበት ደርሷል። አህያዪቱ ጠጣች። ከዚያ ገመዷን በጥሳ ዋናው መንገድ ላይ ወጣችና መካከሉን መርጣ ተኛች። የባሕር ዳር አውቶቡስ መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። እሷም መለሰችለት። እንደገና ነፋ። እንደገና መለሰችለት። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ከበባት።

«የማን አህያ ናት?» አለ ሾፌሩ።

አያ ደረሰ ገመዷን በእጃቸው ይዘው፣ «እንዲህ ያለች አህያ በዚህ አገር አይቼ አላውቅም» አሉ።

ስድስት ተሳፋሪ ተጋግዞ አነሣት። የአልጣሽ አውራ ዶሮ ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነጋ ነጋ እያለ ዋለ።

ከዚያ ሰዉ ጋኑን ከበበ። «ማነው የሰበረው?» አሉ አያ ደረሰ። አልጣሽ ጎንበስ ብላ ከስባሪው ላይ የሆነ ነገር በጥፍሯ ፋቀች። አሸተተችው። ጎተት ስታደርገው ፈትል ተከትሎ ወጣ። ቀና ብላ አየችኝ። አፏን ከፈተች። ያን አፍ አርባ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ተከፍቶ ባዶውን ተዘግቶ አያውቅም። ዘጋችው።

«በእኔ እጅ ነው የተሰበረው» አለች። ሌላ አልጨመረችም። አልጣሽ አንድ ነገር ተናግራ ስታቆም ሰዉ ሁሉ ደነገጠ። ታማ ይሆን?

እኔም የሆነ ነገር መናገር ነበረብኝ። ተናገርኩ። «ግድ የለም፣ አልጣሽ። ይቅር ብዬሻለሁ» አልኩ። ከየት እንደመጣ እንጃ። ሰዉ በአንድ አፍ «እሰይ!» አለ።

መስከረም 20

አሰብኩበት። ሰሙ ይዞ ይሆናል። ወንድሟ ይሄይስ ግዙፍ ሰው ነው። ቀና ብሎ ሲሄድ ጣራ ይነካል። ተደግፎበት ይሆናል።

መስከረም 23

ይሄይስ ትላንት እኔ ቤት ገብቶ አሮጌ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ምንም አልሆነ። ለይሄይስ ምስክር የሆነ ወንበር።

መስከረም 28

ክርስቲያን ለበደለው መልካም ያደርጋል። እኔም ለአልጣሽ መልካም ላደርግላት ቆርጫለሁ። ዛሬ ድፎ ዳቦ ላክሁላት። ዱባ መለሰች።

ጥቅምት 2

እርጎ ላክሁ። ሁለት ዱባ መለሰች።

ጥቅምት 5

የፈተልኩትን ጥጥ ላክሁ። ትልቅ ዱባ። ምን ማለቷ ነው? ይቅር እያልኳት ነው እኮ። ጓዳዬ በዱባ ሞላ፤ ጋኑ የነበረበት ቦታ እንኳ ዱባ ሆነ። ዱባ ደግሞ አልወድም። ታውቃለች።

ጥቅምት 12

የወሩ ጽዋ በማሚቱ ቤት ነበር። ማሚቱ ቶሎ የምታለቅስ፣ ቶሎ የምትፈርድ ሴት ናት። ስለ ጋኑ ተነሣ።

«የአልጣሽ ነገር!» አለች ማሚቱ። «አፏ ሲያርፍ እጇ ይሰብራል።»

አልጣሽ ዝም። አያ ደረሰ ፈረዱ። አልጣሽ ለማኅበሩ ሌላ ጋን ታምጣ። በደንቡም ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ ደጄ ድረስ መጥታ ይቅርታ ትጠይቅ። ይህን ካላደረገች የኅዳር ሚካኤልን ጽዋ አትቀምስም፤ ከማኅበሩም ትወጣለች። አልጣሽ ከማኅበሩ ትወጣለች! ማኅበሩን ያቋቋመው አባቷ አይደለም እንዴ?

ተነሥቼ ቆምኩ። ልናገር ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ልናገር ነበር። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«ድንጋዩ ትንሽ ይሁንላት» አልኩ።

«ምን ያለች ርኅሩኅ!» አለች ማሚቱ፤ አለቀሰች።

ብናገር ጽዋው ከቤቴ ይነሣል። ሰው ሳይገባበት አራተኛ ዓመቱን የሚይዝ ቤት ምን ቤት ነው?

ጥቅምት 20

አልጣሽ ድንጋዩን ይዛ መጣች። ሽማግሌዎቹ ደጄ ላይ ተቀምጠዋል። አንገቷ ላይ የዶሮ እንቁላል የምታክል ድንጋይ አለች።

«ይቺ ድንጋይ ናት ወይስ ጠጠር?» አሉ አያ ደረሰ።

«ንግሥቴ ናት ትንሽ ይሁንላት ያለችው» አለች አልጣሽ።

መለሷት። ከምድጃዋ አንዱን ጉልቻ ነቅላ፣ ከነጥላሸቱ አንገቷ ላይ ጭና ተመለሰች። ነጠላዋ ጠቆረ። ደጄ ላይ ተንበርክካ፣ «በድያለሁ፣ ይቅር በይኝ» አለች። በደሏን አልጠራችም። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ፤ ድምፄ የድመት ሆኖ ወጣ። ድንጋዩን ከአንገቷ ላወርድላት ስጠጋ በጆሮዬ፣

«ከባድ ነው፣ ንግሥቴ። ብትሞክሪው ጥሩ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ድንጋዩን እኔ ደጅ ትታው ሄደች።

ጥቅምት 21

ድንጋዩ የቀኝ እግሬን ጣት መታኝ።

ጥቅምት 22

የግራውን።

ጥቅምት 24

ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ሳልመው አደርኩና ወደ ደጅ መለስኩት። አልጣሽ በሁለት ጉልቻ ድስቷ እያጋደለባት፣ ወጧ እየፈሰሰ እንደምታበስል ማሚቱ ነገረችኝ። «ዋጋዋን አገኘች» አለችኝ። ዱባ ሰጥቼ ሸኘኋት።

ጥቅምት 27፣ መድኃኔዓለም

መምሬ ገብረሰንበት ስለ ይቅርታ ሰበኩ። «በመካከላችን አንዲት ሴት አለች» አሉ። «ተበድላ በደሏን የሸፈነች። ክፉ ተደርጎባት በመልካም የመለሰች። ስሟን አልጠራም፤ እሷ ታውቀዋለች።» ሴቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ። ከኋላዬ አልጣሽ ሳል ያዛት። እስከ ስብከቱ ፍጻሜ ሳለች። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ጉንጮቿ ግን የሚያለቅስ ሰው ጉንጭ አይመስሉም ነበር።

ኅዳር 3

አዲሱ ጋን መጣ። አልጣሽና ይሄይስ ቡሬ ድረስ ሄደው ነው ያመጡት። አውቶቡሱ ጣራ ላይ ቢጭኑት ይሰበራል ብላ አልጣሽ ወንበር አስይዛ አስቀመጠችው። እሷ እስከ ፍኖተ ሰላም ቆማ መጣች። ያው ሾፌር ነበር አሉ። «አህያዪቱስ ደኅና ናት?» ብሎ ጠየቃት።

ጋኑን ጓዳዬ አስገብታ ዙሪያውን በጣቷ እያንኳኳች አሰማችኝ። «ስሚው። ጤነኛ ነው» አለች። አንገቷ ላይ የጉልቻው ጥላሸት ገና አልለቀቀም።

እራት አልበላሁም።

ኅዳር 6

ለንስሐ አባቴ ልናገር ሄድኩ።

«መምሬ፣ ከባድ ኃጢአት አለብኝ።»

«አንቺ?» አሉ። «ምን አደረግሽ? ዝንብ ገደልሽ?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ጥርሳቸው ሦስት እንደቀረ አየሁ። አሳዘኑኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ስንት?»

«ብዙ።»

ሦስት ስግደት ሰጡኝ። በዝንብ ምክንያት የምሰግድ የመጀመሪያዋ ሴት ሳልሆን አልቀርም። በሐሰት ንስሐ ገባሁ፤ አሁን እንግዲህ ለዚያም ንስሐ መግባት አለብኝ።

ኅዳር 10

ጠላው ደርሷል። አዲሱ ጋን አላላበውም። ሳጥነው ግን አለቅሼ ነበር፤ ከጭሱ ነው።

ከጭሱ አይደለም።

ኅዳር 11

ዛሬ ከቀትር በኋላ ጉልቻውን አንገቴ ላይ ጭኜ ወደ አልጣሽ ሄድኩ። በአጥሩ ቀዳዳ ልገባ ስል ድንጋዩ አልገባም አለኝ። እኔ ወዲያ፣ እሱ ወዲህ ሆነን ተያዝን። አልጣሽ መጥታ ቆማ አየችኝ።

«ድንጋይሽን አመጣሁልሽ» አልኩ።

«ስንት ቀን ሙሉ ድስቴ ሲያጋድል የት ነበርሽ?»

«አልጣሽ፣ ጋኑን እኔ ነኝ የሰነጠቅሁት።»

«ታዲያ እኔ ለማን ስል ነው ዝም ያልኩት? ለአህያዪቱ?» ብላ ጎትታ አስገባችኝ። ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ያችን የሰም ጓል አሳየችኝ፤ ፈትሏ በመካከሏ አለ። «በዚህ አገር ሰም ላይ ፈትል የምትተው ማን ናት? ጋን ለመጠገን ጧፍ!»

«ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«ልናገር ነበር። ከዚያ ፊትሽን አየሁት። ታከለ የሞተ ቀን የነበረሽን ፊት ይመስል ነበር። ጽዋው ካንቺ ቤት ቢነሣ እንደገና በር ዘግተሽ እንደምትቀመጪ አውቃለሁ። አንድ ሳምንት ትረጋጋና ራሷ ትናገራለች አልኩ። አንቺ ደግሞ ተነሥተሽ ይቅር አልሽኝ!» እዚህ ላይ ሳቋ መጣ። «ዳቦ ላክሽልኝ! ከዚያማ ቀጥላ ምን ታደርግ ይሆን እያልኩ በየቀኑ በአጥሩ አጮልቃለሁ። እንደዚህ ያለ መጸው አሳልፌ አላውቅም።»

«ዱባውስ?»

«ዱባ እንደማትወጂ አውቃለሁ። እኔም ሰው ነኝ።»

ነገ ለማኅበሩ እናገራለሁ አልኳት። ተይው፣ ሰው ይግባልሽ፣ አልፏል አለች። አላለፈም። አንገቷ ላይ ጥላሸቱ አለ። ድንጋዩን መልሼ ወደ ቤቴ ይዤ መጣሁ፤ በዋናው በር።

ኅዳር 13

ትላንት እንግዳው ሲወጣ መሽቶ ነበር፤ የትላንቱን ዛሬ እጽፋለሁ።

ማኅበርተኛው ሁሉ ገባ። ቤቴ ሞላ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከመሶቡ አጠገብ ተቀመጠ። አልጣሽ ያመጣችው አዲስ ጧፍ አጠገቡ በራ። መምሬ ጸሎቱን ከመጀመራቸው በፊት ጉልቻውን አንገቴ ላይ ጫንኩና መካከል ላይ ተንበረከክሁ።

«ምን ሆነች?» አሉ አያ ደረሰ። «ይቅር ያለ ሰው ድንጋይ ይሸከማል?»

«ጋኑን የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። በሰም ሸፍኜ ለአልጣሽ ሰጠኋት። በእሷ ላይ ሲላከክ ዝም አልኩ።»

ማሚቱ አለቀሰች።

«የአልጣሽን በደል በራሷ ላይ ወሰደች!» አለች። «ኧረ ይቺ ሴት!»

«የራሴ ነው!»

«ትሕትናዋን አያችሁ?» አሉ መምሬ። «ልጆቼ፣ በሚመጣው እሑድ ስለዚህ እሰብካለሁ።»

«መምሬ፣ አይስበኩ! አልጣሽ፣ ሰሙን አውጪው!»

«የምን ሰም?» አለች አልጣሽ። አልጣሽ ስትዋሽ ድምጿ ይጨምራል፤ አውራ ጎዳናው ድረስ ተሰማ። «እኔ ምንም ሰም አላውቅም!»

በዚህ ጊዜ ጧፉ ጣ! አለ። ነበልባሉ ዘለለ። እንደገና ጣ! ጣ! መምሬ ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ሃያ ዓመት በንግሥቴ ጧፍ አንብቤያለሁ። እንዲህ ሲንጣጣ አይቼ አላውቅም። ማን ሠራው?»

አየሁት። አልጣሽ ያችን የሰም ጓል ሌሊቱን ጧፍ አድርጋታለች። ምስክሩ ሊቃጠል ነው፤ ጠላቴ ሆና ሳይሆን ልትሸፍነኝ።

«ሰሙ የእኔ ነው» አልኩ። «ከጋኑ ስንጥቅ የተፋቀ ነው። ሸክላ አለበት።»

መምሬ አጠፉትና ጫፉን በጥፍራቸው ፋቁ። የጋን ፍርፋሪ መዳፋቸው ላይ ወደቀ፤ ቀይ፣ አንድ ፊቱ ጥላሸት። ለአያ ደረሰ አሳዩአቸው። አያ ደረሰ ያን ጋን እንደ ወንድማቸው ነበር የሚያውቁት። «እሱ ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ መድኃኔዓለም ዕለት ያመሰገንኩት ማንን ነበር?» አሉ መምሬ ቀስ ብለው።

«እኔን ነዋ» አለች አልጣሽ። «ስም አልጠሩም እኮ።»

መጀመሪያ መምሬ ሳቁ፤ ሦስቱም ጥርስ ታየ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ። እኔ ግን ድንጋዩ አንገቴ ላይ ስለነበር መሳቅ አልቻልኩም።

አያ ደረሰ ሊፈርዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጽዋው ከዚህ ቤት…» ሲሉ አልጣሽ አቋረጠቻቸው።

«አያ ደረሰ፣ ይቅርታዎን። የተበደልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር የምለውም እኔ ነኝ። ጽዋው ከዚህ አይነሣም። የሚነሣው ድንጋዩ ነው።» ከአንገቴ ላይ አወረደችው። «ይኸ ጉልቻ ከዛሬ ጀምሮ ከጽዋው ጋር ከተረኛ ወደ ተረኛ ይሂድ። ንግሥቴ ለምድጃዬ ሌላ ታመጣልኛለች። አሁን መምሬ ይጸልዩልን፤ ጠላው እየቀዘቀዘ ነው።»

ጠላ ቀዝቃዛ እንደሆነ ማንም አላነሣባትም። ጽዋው ዞረ። አልጣሽ ስትቀምስ አየኋት። እኔም ቀመስኩ።

ሲመሽ ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን ተረከቡ፤ አያ ደረሰ ናቸው። ጉልቻውንም ሰጠናቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ድንጋዩን ከብብታቸው አንገታቸው ላይ አደረጉት።

«አህያዬን ክጃለሁ» አሉ ወደ ውጭ እያዩ። «በሰው ሁሉ ፊት። ገመዷን ይዤ።»

«ይቅር ትበልዎ» አለች አልጣሽ።

ኅዳር 16

ጾም ገባ። ለአልጣሽ ከወንዝ ጥሩ ጉልቻ አመጣሁላት። ዱባ አልላከችም።

ዛሬ ጠዋት በአጥሩ ላይ እንደ ድሮዋ ጮኸች፤ «ንግሥቴ! ወንፊት አለሽ?»

አቀበልኳት። ሳትጠይቀኝ፣ «ጠርዙ በስተግራ ተቀዷል» አልኳት።

አገላብጣ ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና አሸተተችው።

«ደኅና» አለች። «ሰም የለበትም።»